ከአጣና መወጣጫ የወደቀው ለሳኝ፦ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ አፈጻጸም

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የውጭ ግድግዳ እየተለሰነ ነው። መወጣጫው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ሠራተኛው ከመሬት 6 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) የያዘ ባልዲ ሲቀበል የቆመበት ጣውላ ሸሸ፤ በእግሩ ወደቀ። የቀኝ ተረከዙ ተሰበረ፣ ወገቡንም አመመው። ካቦው (የቀን ሠራተኞቹ አሰባሳቢ) በባጃጅ ጭኖ አቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ አደረሰው፣ መርፌና ማስታገሻ ከፈለለት፣ ወደ ሳይት ተመለሰ።

ሰውየው በቀን 600 ብር፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ5 ወር በዚሁ ሳይት ሠርቷል። የጽሑፍ ውል የለውም። የጡረታ መዋጮ አይቆረጥለትም። ክፍያውን ቅዳሜ ቅዳሜ ከካቦው እጅ ይቀበላል፣ አንዳንድ ሳምንት በቴሌብር ይላክለታል። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት።

ይህ በከተማችን የግንባታ ቦታዎች ደጋግሞ የሚያጋጥም ሁኔታ ነው። የግለሰብም ሆነ የድርጅት ስም አልተጠቀሰም፤ የደመወዙና የጉዳቱ መጠን ቁጥሮች ስሌቱ በግልጽ እንዲታይ የተያዙ ናቸው። ሕጉና የአሠራሩ ችግር ግን እንዳለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ላለው ሰው ብዙ መብት ይሰጣል። መብቱ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጻፍና መያዝ የነበረበት ነገር ሳይያዝ ይቀራል፣ ከዚያ «እስኪሻለው እንታገሥ» እየተባለ ጊዜው ያልፋል።

የሆስፒታሉ ካርድ ምን ይላል?

ክሊኒኩ እግሩን ብቻ አይቶ አሰረለት። በማግስቱ እብጠቱ ሲብስ ቤተሰቡ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች የጉዳዩን ዕጣ ይወስናሉ።

አንደኛው የአደጋው ታሪክ ነው። ካርድ ላይ የሚጻፈው ታካሚው ወይም አስታማሚው የተናገረው ነው። «ወድቆ ነው» ብቻ ከተባለ ካርዱ የሚለው «መውደቅ» ብቻ ይሆናል፤ ከወራት በኋላ አሠሪው «ቤቱ ደረጃ ላይ ነው የወደቀው» ብሎ ሲከራከር ካርዱ ዝም ይላል። ስለዚህ የወደቀበት ቀንና ሰዓት፣ ከፍታው፣ ቦታው የሥራ ቦታ መሆኑ፣ በምን ሥራ ላይ እንደነበረ ለሐኪሙ በግልጽ መነገር አለበት፤ እንዲጻፍም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐኪም ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለም፣ ካልተነገረው ግን አይጽፈውም።

ሁለተኛው ወገቡ ነው። ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ያረፈ ሰው ተረከዙ ሲሰበር የውድቀቱ ኃይል ወደ ላይ ተላልፎ የወገብ አከርካሪ አጥንትንም ሊሰብር ይችላል። የተረከዙ ሕመም ስለሚያይል ታካሚው ወገቡን ይረሳዋል፣ ራጅ የሚነሣውም እግሩ ብቻ ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ የአከርካሪው ስብራት ሲገኝ ተከሳሹ «ይህ ከአደጋው በኋላ የመጣ፣ ከእኔ ሥራ ጋር የማይገናኝ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ቀን ካርድ ላይ «ወገቡን ያመዋል» የሚል አንድ መስመር ካለ ይህ ክርክር ይወድቃል። በእኛ ጉዳይ ሆስፒታሉ የወገብ ራጅም አዝዞ አንድ አከርካሪ አጥንት መጨፍለቁ ታየ፤ ያ ራጅ በኋላ የጉዳቱን መጠን ከፍ ያደረገ ዋና ማስረጃ ሆነ።

ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ይቀመጥ፦ የካርድ፣ የራጅ፣ የመድኃኒት፣ የክራንች፣ የትራንስፖርትም ጭምር። የሙቀት ወረቀት ላይ የታተመ ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ በስልክ ፎቶ ማንሣት የግድ ነው።

መወጣጫው ከመፍረሱ በፊት

ከአደጋ በኋላ ሳይት ላይ መጀመሪያ የሚስተካከለው መወጣጫው ነው። አንዳንዴ በዚያው ቀን ከሰዓት ይታደሳል፤ አዲስ ጣውላ ይደረጋል፣ መደገፊያ ይመታል። በማግስቱ የሄደ ሰው የሚያየው ደህና መወጣጫ ነው።

ጣውላው ለምን ሸሸ? በአጣና መወጣጫ ላይ የሚደጋገሙት ጉድለቶች የታወቁ ናቸው። አግዳሚው አጣና ከቋሚው ጋር በአንድ ሚስማር ብቻ ይያያዛል፤ እርጥብ ሳለ የተመታ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩ ይላላል። ጣውላው ከአግዳሚው ጋር ሳይታሰር እንዲሁ ይጋደማል፤ ጫፉ ከድጋፉ አልፎ ከወጣ፣ ሰው ጫፉ ላይ ሲቆም ሌላኛው ወገን ይነሣል። ከወገብ ከፍታ ላይ መደገፊያ አግዳሚ አይደረግም። መወጣጫው ከሕንፃው ጋር አይታሰርም። የደኅንነት ቀበቶ ቢኖር እንኳ የሚታሰርበት ጠንካራ ነገር የለም።

ስለዚህ በዚያው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባ በስልኩ ማንሣት ያለበት የሚከተለው ነው፦ መወጣጫው በሙሉ ከሩቅ፣ የወደቀበት ቦታ ከቅርብ፣ የጣውላው ጫፍና የሚስማሩ ቦታ፣ እንዲሁም የሕንፃውን ማንነት የሚያሳይ የፕሮጀክት ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ የባለቤቱ፣ የሥራ ተቋራጩና የአማካሪው ስም አለ፤ በኋላ «ተከሳሹ ማነው?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። የምስክሮችን ሙሉ ስምና ስልክ መያዝም እንዲሁ ነው። የቀን ሠራተኛ በወር ውስጥ ሌላ ሳይት፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ይገባል፤ ስልኩ ካልተያዘ አይገኝም።

ለፖሊስ ማመልከት ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው እርምጃ ነው፤ «ካቦውን እናሳስረው እንዴ?» ይባላል። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 ያስቀጣል፤ የወንጀል ክስ መመሥረት ግን የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ለካሣው የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ፖሊስ ቦታውን ያያል፣ የምስክር ቃል ይቀበላል፣ ለሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጥ ይጽፋል። እነዚህ ሰነዶች በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከፖሊስ መዝገብ ሊቀርቡ ይችላሉ።

«የእኔ ሠራተኛ አይደለም»

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ዋናው ፍልሚያ ይህ ነው። ተቋራጩ «ልስኑን ለንዑስ ተቋራጭ ሰጥቻለሁ» ይላል። ንዑስ ተቋራጩ «ካቦው በካሬ ሜትር ተኮናትሮኛል፣ ሰው ያመጣው እሱ ነው» ይላል። ካቦው ደግሞ እንደ ሠራተኛው ሁሉ ኪሱ ባዶ ነው።

ሕጉ ከሚጠቅሙ ነጥቦች ይጀምራል። የሥራ ውል በጽሑፍ መሆኑ ግዴታ አይደለም። በቃል ከተዋዋሉ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህን አለማድረጉ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ወረቀት የለም ማለት ውል የለም ማለት አይደለም።

በካሬ ሜትር መከፈልም ብቻውን ሰውን ከሠራተኛነት አያወጣም፤ አዋጁ በሌላ ሰው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፣ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚሠራን ሰው ያጠቃልላል። ከአዋጁ ውጭ የሆነው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጠዋት ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ማነው? የመግቢያና መውጫ ሰዓት የሚወስነው ማነው? ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ መወጣጫው፣ ባልዲው የማነው? ቢቀር ደመወዙን የሚቆርጠው፣ ቢያጠፋ የሚያባርረው ማነው? በእኛ ጉዳይ ዕቃው ሁሉ የተቋራጩ ነበር፣ የተቋራጩ ፎርማን በየቀኑ ሥራ ያከፋፍላል፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ የሠራተኛው ስም በተቋራጩ ሰዓት ተቆጣጣሪ እጅ ይመዘገባል። ካቦው ሰው አሰባሳቢ እንጂ አሠሪ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ማስረጃውም ከዚሁ ይወጣል። የቴሌብር መልእክቶቹ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ 3,600 ብር ከማን እንደተላከ ይታያል፤ ስልኩ ቢጠፋም የሂሳቡን እንቅስቃሴ ከኢትዮ ቴሌኮም ማውጣት ይቻላል። የሰዓት መቆጣጠሪያውና የክፍያ መዝገቡ በአሠሪው እጅ ስለሆኑ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርባቸው በክስ ማመልከቻው ላይ መጠየቅ አለበት። አሠሪው «የለኝም» ካለ፣ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የእሱ እንደነበረ ለችሎቱ ማስገንዘብ ነው።

ማንን መክሰስ እንደሚሻል ለሚለው ምርጫ ጠንካራው መንገድ ተቋራጩንና ንዑስ ተቋራጩን አንድ ላይ ማቅረብ ነው። አንዱን ብቻ ከሰው ያ ሰው «አሠሪው ሌላኛው ነው» ብሎ ቢረታ፣ ሁለተኛውን ለመክሰስ ጊዜው ያልፋል።

ጥፋት ሳይኖርም የሚከፈል፣ በጥፋትም የሚጠየቅ

የአዋጁ አንቀጽ 96 ንዑስ አንቀጽ 1 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሠራተኛው መወጣጫው መጥፎ እንደነበረ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱ በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ መድረሱን ካስረዳ ይበቃዋል። አንቀጽ 97 ይህን ሰፋ አድርጎ ይተረጉመዋል፦ በአሠሪው ትእዛዝ ከሥራ ቦታ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ የደረሰ፣ ከሥራ በፊት ወይም በኋላ ወይም በእረፍት ሰዓት በሥራው ምክንያት በግቢው ውስጥ እያለ የደረሰ፣ እንዲሁም ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ሲመላለስ የደረሰ ጉዳት ሁሉ ይገባል። በራሱ ታክሲ ተሳፍሮ ሲመጣ የተጎዳ ግን በዚህ አይሸፈንም።

አሠሪው የሚያመልጥበት በር ጠባብ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሲሆን ነው። አዋጁ በተለይ የሚጠቅሳቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ፦ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት። በዚህ ጉዳይ መከላከያው «ቀበቶ ታጠቅ ተብሎ ነበር» የሚል ነበር። ይህ እንዲሠራ መመሪያው በግልጽ መሰጠቱን፣ ቀበቶው በእርግጥ ለሠራተኛው መቅረቡን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። የቀበቶ መረከቢያ ፊርማ የለም፣ የሚታሰርበት ቦታ የለም፣ ሥልጠና የለም። «ጥንቃቄ አላደረገም» የሚለው ተራ ወቀሳ ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም።

የአንቀጽ 96 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል፦ ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ሠራተኛው በሌላ አግባብ ባለው ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብቱ አይነካም። ያ ሕግ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል፣ አንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ይላል። የሥራ አዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው ላይ የጣለው የደኅንነት ግዴታ፣ የመወጣጫው ፎቶ፣ የምስክሮቹ ቃል እዚህ ላይ ሙሉ ዋጋቸውን ያገኛሉ። መወጣጫውን የሠራው ከአሠሪው ሌላ ሰው ከሆነም በዚሁ ሕግ እሱን መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ሁለተኛ በር ከመክፈት በፊት ሦስት ነገሮች ይመዘኑ። ጥፋቱን ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው። የሥራ ክርክር ሠራተኛውን የዳኝነት ክፍያ አያስከፍለውም፣ በፍትሐ ብሔር ችሎት የሚቀርብ ክስ ግን በገንዘቡ መጠን ይከፈልበታል፤ መክፈል የማይችል ሰው በድህነት ክስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። የሕሊና ጉዳት ካሣ ደግሞ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም፤ ይህ ጣሪያ ከ1952 ጀምሮ ያልተነካ፣ ዛሬ የተጎዳን ሰው የሚያሳዝን ቁጥር ነው። በአዋጁ የሚከፈለው ለሠራተኛው የሚበቃ በሚመስልበት ጊዜ በመጀመሪያ እሱን ማረጋገጥ፣ የጥፋቱን ክስ በይርጋው (ሕጉ ለክስ በሚሰጠው የጊዜ ገደብ) ውስጥ ለይቶ ማሰብ ይሻላል።

ገንዘቡ እንዴት ይሰላል

ሕክምናው ሙሉ በሙሉ የአሠሪው ነው፦ ጠቅላላና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሆስፒታል መተኛት፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት መደገፊያ። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና በተገቢ ማጓጓዣ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ማድረስም የእሱ ግዴታ ነው። ለተሰበረ ወገብ ባጃጅ ተገቢ ማጓጓዣ አይደለም።

ሥራ በሌለበት ጊዜ በየጊዜው የሚደረግ ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ክፍያው ሲድን፣ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ሲያገኝ ወይም 12 ወር ሲሞላ ይቆማል፣ የቀደመው ይወሰዳል። በወር 26 ቀን ሲሰላ የሰውየው ደመወዝ 15,600 ብር ነው። በ9ኛው ወር መጨረሻ የሕክምና ቦርድ ዘላቂ ጉዳት ካረጋገጠለት፣ 46,800 ሲደመር 35,100 ሲደመር 23,400 በድምሩ 105,300 ብር ይሆናል።

ይህ ክፍያ የሚቋረጥበት መንገድ ስላለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሠራተኛው የሕክምና ምርመራ እምቢ ካለ፣ ሆን ብሎ ምርመራውን ካጓተተ ወይም የሐኪም ትእዛዝ ከጣሰ ክፍያው ይታገዳል፤ በኋላ ቢቀጥልም የታገደበት ጊዜ ገንዘብ አይመለስለትም። ጀሶውን ራሱ ፈትቶ ወጌሻ ዘንድ የሄደ ሰው ለተከሳሹ ጠበቃ ስጦታ ሰጠ ማለት ነው። የቀጠሮ ወረቀቶች ሁሉ ይቀመጡ።

ዋናው ገንዘብ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 109 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ፣ ለከፊል ጉዳት ደግሞ በጉዳቱ መቶኛ ልክ ይከፈላል። ዓመታዊው 187,200፣ አምስት ጊዜ 936,000 ብር ነው። ቦርዱ 30 በመቶ ካለ 280,800 ብር ይሆናል። አሠሪው «በወር 18 ቀን ብቻ ነበር የሚሠራው» ብሎ ቢያሳምን ይኸው ክፍያ ወደ 194,400 ይወርዳል፤ የ86,400 ብር ልዩነት በሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብና በቴሌብር ታሪክ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያና አበል በደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም።

ሠራተኛው በጡረታ የተሸፈነ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይለይ ነበር። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ (አዋጅ 1268/2014) የራሱ የጉዳት ጡረታና ዳረጎት (አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ) አለው፤ ተከሳሹም «ወደ ጡረታ ሂድ» የሚል ክርክር ያነሣል። ስለዚህ ክስ ከመጻፉ በፊት መዋጮ ተቆርጦ እንደሆነና በእርግጥ ገቢ መደረጉን ማጣራት ያስፈልጋል። የኅብረት ስምምነት ካለም ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል መነበብ አለበት።

ውሉ በጉዳቱ ምክንያት ከተቋረጠ የሥራ ስንብት ክፍያ ይጨመራል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዓመት በታች ላገለገለ በዚያው ተመጣጣኝ። 30 ቀን በ600 ብር 18,000 ስለሆነ፣ ለ5 ወር 7,500 ብር ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ካልተጠየቀ አይፈረድም።

መቶኛው ላይ አንድ ነገር። ሐኪም የጻፈው የሕክምና ማስረጃ ስብራቱን ይናገራል፣ የመሥራት አቅም ምን ያህል እንደቀነሰ የሚወስነው ግን የሕክምና ቦርድ ነው፤ አዋጁ ይህ በተቻለ መጠን ከአደጋው በ12 ወር ውስጥ እንዲሆን ይላል። ቦርድ በግል ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አይቀመጥም፤ የአሠሪው፣ የሥራ ቢሮው ወይም የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ይጠበቃል። አሠሪው እምቢ ካለ ደብዳቤውን ከፍርድ ቤት መጠየቅ ነው። ሠራተኛው ቦርድ ሲቀርብ የለሳኝነት ሥራው ምን እንደሆነ መናገር አለበት፦ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ መወጣጫ መውጣት፣ 20 ኪሎ ባልዲ ማንሣት። የመሥራት አቅም ባይቀንስም መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳትም እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት እንደሚቆጠር ፊታቸው ለተቃጠለ ወይም ለተጎዳ ሰዎች ማስታወስ ይገባል።

ሽምግልናው፣ ወረቀቱና ይርጋው

በሁለተኛው ወር ተቋራጩ ሽማግሌ ላከ። 40,000 ብር እሰጣለሁ፣ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ ይፈርምልኝ አለ። ቤቱ የወር ኪራይ ደርሶበታል፣ ልጆቹ አሉ። ሽምግልናን መናቅ አይቻልም፤ ብዙ ክርክር በሰላም ያለቀው በእሱ ነው። ወረቀቱ ግን ከሽምግልናው የተለየ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚያስር ውጤት አለው። በኋላ ለማፍረስ መከራከር ይቻላል፣ ሸክሙና ወጪው ግን የሠራተኛው ነው። ገና መቶኛው ሳይታወቅ የሚፈረም «ሁሉንም ጨርሻለሁ» 386,100 ብርን (የ105,300ና የ280,800 ድምር) በ40,000 መለወጥ ነው።

የሚሻለው ገንዘቡን መቀበልና የሚፈረመውን መለወጥ ነው፦ «በዚህ ቀን በሥራ ላይ ለደረሰብኝ ጉዳት ለሕክምናና ለመተዳደሪያ የሚታሰብ ከፊል ክፍያ ተቀብያለሁ»። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ አሠሪውም ከፈረመ ሁለት ጥቅም አለው። አሠሪነቱንና አደጋውን አመነ፤ ደግሞም የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ማመን የይርጋውን ቆጠራ ያቋርጠዋል።

በአዋጁ ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ ጠቅላላ ይርጋው 1 ዓመት ነው፤ ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች ግን በ6 ወር ይታገዳሉ፣ ውል ከመቋረጡ ጋር የተያያዘ ክፍያም እንዲሁ 6 ወር ነው። የጉዳት ካሣው ቆጠራ ከአደጋው ቀን ነው ወይስ ቦርዱ መቶኛ ከሰጠበት ቀን የሚለው ክርክር የሚነሣበት ነው፤ ክርክሩን ለማስቀረት ከአደጋው ቀን ቆጥሮ ከ6 ወር በፊት ማመልከት ብቻ ነው መፍትሔው። የጥፋት ካሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት አለው።

ሽማግሌ መላላኩ፣ በስልክ «እሺ እከፍላለሁ» መባሉ ይርጋን አያቆምም። የሚያቆመው በጽሑፍ ማመን፣ ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል መክሰስ ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል ማመልከት ነው። ስለዚህ ሽምግልናው እየቀጠለ ለሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ አመልክቶ የገቢ ማኅተም ያለበት ቅጂ መያዝ ሁለቱንም መንገድ ክፍት ያደርጋል። የሥራ ተቆጣጣሪ ሳይቱን ሄዶ ካየም ሪፖርቱ ማስረጃ ይሆናል። ጊዜው በሕመም ምክንያት ካለፈ አዋጁ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሕመሙ ከቆመ በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት ይጠይቃል። በእሱ መተማመን ግን አደገኛ ነው።

ክሱ

ሠራተኛው አልጋ ላይ ቢሆንም ክሱ አይዘገይ። ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ አባቱ ወይም እናቱ በተረጋገጠ ውክልና ሊከሱለት ይችላሉ። በአዲስ አበባ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ጠበቃ መክፈል ለማይችል የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ በድርጅቱ የሠራተኛ ማኅበር ካለም መጀመሪያ እሱን ማማከር ነው።

ማመልከቻው ላይ ዳኝነቱ በዝርዝር ይጠየቅ፦ የወጣውን የሕክምና ወጪ በደረሰኝ፣ ወደፊት የሚያስፈልገውን ሕክምና አሠሪው እንዲሸፍን (ተረከዙ ውስጥ የገባው ብረት በኋላ ሊወጣ ይችላል)፣ በየጊዜው የሚደረገውን ክፍያ፣ በቦርድ በሚወሰነው መቶኛ ልክ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ፣ የስንብት ክፍያ። መቶኛው ገና ካልታወቀ በግምት ቁጥር ጽፎ ወደ ቦርድ እንዲላክ መጠየቅ ይቻላል። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ የቦርድ ውጤት ሲጠበቅ ግን ይረዝማል። ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል።

የምስክር አሰማም ላይ የሚደጋገመው ስሕተት ሁሉንም ምስክር ስለ ሁሉም ነገር ማቅረብ ነው። አንዱ አወዳደቁን ያየ፣ ሌላው ደመወዝ አብሮ የሚቀበል፣ ሦስተኛው የፎርማኑን ትእዛዝ የሚያውቅ ይበቃል። ከተቋራጩ ጋር አሁንም የሚሠራ ምስክር ሲቀርብ ቃሉ ሊለሰልስ ስለሚችል፣ ሳይቱን የለቀቀውን ማስቀደም ይሻላል።

ፍርድ ተገኝቶ ገንዘብ የሚታጣበት ምክንያት በግንባታ ዘርፍ ግልጽ ነው፦ ንዑስ ተቋራጩ ሥራው ሲያልቅ ንብረት አይኖረውም። ያለው ሀብት ከዋናው ተቋራጭ የሚጠብቀው ያልተከፈለ ሂሳብ ነው። ስለዚህ ክሱ ሲቀርብ ንብረት ሊያሸሽ እንደሚችል የሚያሳይ ምክንያት ካለ፣ ያ ክፍያ ተይዞ እንዲቆይ ከፍርድ በፊት የእግድ ጥያቄ ይቅረብ። ከፍርድ በኋላም በአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ የባንክ ሂሳብ፣ የተሽከርካሪ ሰሌዳ ቁጥርና ከሦስተኛ ወገን የሚጠበቅ ክፍያ ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት፤ ፍርድ ቤት የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ አያመጣም። ሌሎች አበዳሪዎች ከቀረቡ የሠራተኛው ጥያቄ በአዋጁ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው በማመልከቻው ላይ ይጠቀስ። ወገቡ ከፍርድ በኋላ ከባሰበት ደግሞ የጉዳቱ መጠን እንደገና እንዲታይ በአዲስ የሕክምና ማስረጃ መጠየቅ ስለሚቻል፣ የመጀመሪያዎቹ ራጆች ፍርዱ ተፈጽሞም አይጣሉ።